የትንፋሽ ልክ

አንድ የብርድ ልብስ ነጋዴ ነበሩ፤ አቶ ታፈረ ይባላሉ። የሚኖሩት ውርጭ በሚበረታባት የደጋ ከተማ ስለነበር ገበያ ጎድሎባቸው አያውቅም። ጥቅምት ጠብቶ ሜዳው በማለዳ ነጭ ሲለብስ የሱቃቸው ደጃፍ በሰው ይሞላል። አቶ ታፈረ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው፣ "እኔ የምሸጠው ጨርቅ አይደለም፤ ሙቀት ነው!" ይላሉ። ደንበኛው ይስቃል፤ ይገዛልም።

ሰውዬው ለጋስ ናቸው። በብርድ የተቸገረ ጎረቤት ባዶ እጁን ከደጃቸው አይመለስም። አንድ ጠባይ ግን ነበራቸው፤ ትልቅ ነገር ይወዳሉ። በሬ ሲገዙ ከገበያው ትልቁን፣ የግቢ በር ሲያሠሩ ከሰፈሩ ረጅሙን ይመርጣሉ። "ይሄ በቂ ነው" የሚል ሰው ከገጠማቸው፣ "በቂ ማለት የደከመው ሰው ቃል ነው" ብለው ያሾፉበታል።

ማስተዋል የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው። እሷ በታጨችበት ዓመት አዲሱ ቤታቸው ተሠርቶ አለቀ። አቶ ታፈረም ከቤቱ ሥር፣ ከመሬት በታች ባለው ሰፊ ክፍል፣ የራሳቸውን ሲኒማ ቤት ሊያሠሩ ተነሡ። ሐሳባቸው መልካም ነበር። የሠርጉ ፊልም ሲደርስ የሙሽራውና የሙሽራዋ ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጠው በትልቅ ሸራ እንዲያዩት ፈልገው ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ገና አልተላመዱም። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ደብሪቱ ባላቸውን በወጣትነታቸው ቀብረው ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ፣ የሰው ሀብት የማያስደንቃቸው ዝምተኛ ሴት ናቸው።

"በፍቅር ነው የማቀርባቸው" አሉ አቶ ታፈረ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አጸደ።

"በሃያ ወንበር ነዋ!" አሉ ወይዘሮ አጸደ እየሳቁ።

ክፍሉ ተሠራ። ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ስፖንጅና በወፍራም ጨርቅ ተሸፈነ። መስኮት የለውም። በሩ ሲዘጋ የውጩ ድምፅ አይገባም፣ የውስጡም አይወጣም። የቀረው የማሞቂያና የአየር መሣሪያው ብቻ ስለነበር፣ በዚህ ሙያ የታወቀች ሐመልማል የምትባል መሐንዲስ ከሌላ ከተማ አስጠሩ።

አቶ ታፈረ የክፍሉን ርዝመትና ስፋት በኩራት ነገሯት። ሐመልማል ዙሪያውን አይታ፣ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና፣

"ጋሼ፣ እዚህ የሚቀመጡት እነማን ናቸው?" ብላ ጠየቀች።

"እሱ ለማሞቂያ ምን ያደርግልሻል? ስፋቱን ነገርኩሽ አይደል?"

"ስፋቱ ግማሹን ነው የሚነግረኝ። ክፍል አይተነፍስም፤ የሚተነፍሱት ሰዎቹ ናቸው። ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ራሱ ትንሽ ማሞቂያ ነው። ሃያ ሰው ሲቀመጥ፣ የፕሮጀክተሩ ግለት ሲጨመርበት፣ ይሄ ክፍል በራሱ ይሞቃል። ግድግዳው ከመሬት በታች ስለሆነ የውጩ ውርጭ ብዙ አይደርስበትም። ስለዚህ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ክፍሉን ቀስ አድርጎ የሚያሟሙቅ ትንሽ ማሞቂያ ይበቃዎታል። ሰው ከገባ በኋላ የሚያስፈልግዎት ሙቀት ሳይሆን ንጹሕ አየር ነው።"

"ትንሽ?" አሉ አቶ ታፈረ፣ የተሰደቡ ያህል። "ልጄ፣ እኔ ሰው በማሞቅ ያረጀሁ ሰው ነኝ።"

"ታዲያ ለአንድ አልጋ ስንት ብርድ ልብስ ነው የሚሸጡት?"

"እንደ ገዢው! ዐሥር ካለኝ ዐሥር እሸጥለታለሁ።"

"ዐሥሩን ደርቦ የተኛ ሰው ግን በላብ ተጠምቆ ይነቃና ሁሉንም ገፍቶ ይጥላቸዋል። ያን ጊዜ ነው ብርድ የሚመታው" አለች ሐመልማል። "ትልቅ ማሽን ትንሽ ክፍል ውስጥ ሲገባም እንደዚያው ነው። ያገሳል፣ ወዲያው ያግላል፣ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተነሥቶ ያገሳል። ፊልም እያዩ ከጎንዎ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚሰሙ ነው የሚመስልዎት።"

ቀጥላም ግድግዳው ሁለት ቦታ መከፈት እንዳለበት ነገረቻቸው፤ በአንዱ ንጹሕ አየር እንዲገባ፣ በሌላው የተተነፈሰው እንዲወጣ።

"ድምፅ እንዳይሾልክ ብዬ ያሳሸግኩትን ግድግዳ አሁን ልብሳው?" አሉ አቶ ታፈረ።

"ድምፅ አይወጣበትም። ቱቦውን ሰፊ አደርገዋለሁ፣ ውስጡን ድምፅ የሚውጥ ነገር አለብሰዋለሁ፣ እያጠማዘዝኩ አወጣዋለሁ። ፉጨት የሚመጣው እኮ ከንፈር ሲሞጠሞጥ ነው፤ አፍ ሲከፈት ትንፋሽ ድምፅ የለውም።"

አቶ ታፈረ የግድግዳውን ጨርቅ ዳበስ አደረጉ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ሞኝ አልነበሩም። ግን አንድ የቀራቸው ጥያቄ ነበር።

"ይሄ ያልሽው መሣሪያ የት ነው የሚታየው?"

"አይታይም ጋሼ። ቱቦው ኮርኒሱ ውስጥ ነው፤ ማሽኑ ከኋላ ባለችው ጓዳ ይቀመጣል።"

"ድምፁም አይሰማም?"

"ካልተሰማ ሥራዬ ሠመረ ማለት ነው።"

"የማይታይ! የማይሰማ! ትንሽ!" አሉ አቶ ታፈረ እጃቸውን እያወናጨፉ። "ታዲያ ለእንግዶቼ ምኑን ነው የማሳያቸው? ተዪው ልጄ፣ ለድካምሽ አመሰግናለሁ።"

ሐመልማል ፊቷ ቀላ። "እንግዲያው ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ" አለችና መለኪያዋን ጠቅልላ ወጣች።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ሻጭ ያመጣላቸው ማሽን ለትልቅ አዳራሽ የተሠራ ነበር። በጭነት መኪና መጣ፤ ጎረምሶች ተጋግዘው አወረዱት። የሰፈሩ ሰው ሊያየው ተሰበሰበ። ሻጩ እነማን እንደሚቀመጡ አልጠየቀም፤ "ከዚህ የሚበልጥ የለንም" አለ። አቶ ታፈረ መስማት የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

ወይዘሮ አጸደ ግን ልባቸው አላረፈም። "መሐንዲሷ ስለ አየሩ ያለችውስ?" አሉ።

"በር አለ አይደል እንዴ? ሲከፈት ይገባል።"

"እኮ ሲከፈት ነዋ" አሉ ወይዘሮ አጸደ። ሠርግ ደርሶ ስለነበር ግን ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሠርጉ አማረ። ፊልሙም ደረሰ። በኅዳር፣ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ወደ ሲኒማው ክፍል ወረዱ። ወይዘሮ ደብሪቱን አቶ ታፈረ ራሳቸው ክንዳቸውን ይዘው አውርደው መሐል ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ማሽኑን አሳዩ። እንግዳው ሁሉ ተደነቀ። በሩ ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ሸራው ላይ ሙሽሮቹ ከመኪና ወረዱ።

ማሽኑ አገሳ።

የሙቀት ማዕበል ክፍሉን ሞላው። ሰው ጋቢውን ጣለ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ግንባሩን ጠረገ። ማሽኑ ጸጥ አለ። ሰው ተመልሶ ፊልሙን ማየት ሲጀምር ደግሞ አገሳ። በመጨረሻ ወይዘሮ ደብሪቱ ሙሽሮቹን የሚመርቁበት ክፍል መጣ። ሸራው ላይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን ማሽኑ ብቻ ነው።

"ምን ብዬ ነበር?" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ በጎናቸው ወዳለችው ወደ ማስተዋል ዘንበል ብለው። "የራሴን ምርቃት እኮ አልሰማሁትም።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አቶ ታፈረ በጨለማው ውስጥ ፊታቸው ነደደ። ተነሥተው ማሽኑን አጠፉት።

በላብ የራሰ ገላ ብርድ ቶሎ ይሰማዋል። ማሽኑ ያሞቀው አየሩን እንጂ ግድግዳውንና ወለሉን አልነበረም። ጥቂት እንደቆየ ቅዝቃዜው ከእግር ተነሣ፤ አንዲት አሮጊት ጋቢያቸውን መልሰው ተከናነቡ። አቶ ታፈረ ይህን ሲያዩ ዝም ማለት አልቻሉም። በሙቀት ሻጩ ሰው ቤት እንግዳ ይብረደው? በሩን ከፍተው፣ "ከሰል አምጡ!" አሉ። ፍም የሞሉ ሁለት ማንደጃዎች መጡና በወንበሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ ተቀመጡ። በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

አሁን ሁሉም ነገር ያማረ መሰለ። ፍሙ ቀይ ነው፣ ጭስ የለውም። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ወደ እግር፣ ወደ ጉልበት ወጣ። አንዱ አዛጋ። ሌላው ራሱን ያዘ። የሠርጉ ድካም ገና አልወጣልንም ተባባሉ። ቀስ በቀስ ራስ ሁሉ ወደ ደረት ዘመመ። ከውስጥ ላለ ሰው የአየሩ መለወጥ አይታወቀውም፤ የሚያውቅበት አእምሮ ራሱ ያንኑ አየር ነውና የሚተነፍሰው።

ወይዘሮ አጸደ ላይ ቤት እራት ሲያሰናዱ ቆይተው ውኃ በትሪ ይዘው ወረዱ። በሩን ሲከፍቱ ከውስጥ የወጣው አየር ፊታቸውን መታው። ከባድና የታፈነ ነበር። ሸራው ላይ እልልታ ነው፣ ጭፈራ ነው። ወንበሮቹ ላይ ግን የሚንቀሳቀስ የለም።

"ማስተዋል!"

ልጅቱ አንገቷን እንደምንም አዞረች። "እማዬ... ራሴን" አለች።

ትሪው ከእጃቸው ወደቀ። ወይዘሮ አጸደ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ "ከሰል ነው! ውጡ! ተነሡ!" እያሉ ያገኙትን እየጎተቱ ጮኹ። አቶ ታፈረ ሊነሡ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ወለሉ ላይ በእጃቸው ተደግፈው ሲድሁ ቀና ቢሉ፣ ሸራው ላይ ሙሉ ልብስ የለበሱ ራሳቸው እስክስታ ይመታሉ። ያን መልካቸውን እያዩ ነበር ወደ በሩ የዳሁት።

ጎረቤት ደረሰ። ሁሉም ወደ ግቢው ወጡ፤ ያ የሚፈራው የደጋ ብርድ ያን ቀን ነፍስ ዘራባቸው። አንዱ አስታወከ፣ ሌላው አለቀሰ፤ ግን ነቁ። ወይዘሮ ደብሪቱ ብቻ አልነቁም። ልጃቸው አቅፏቸው ወደ ሆስፒታል ወሰዳቸው። አቶ ታፈረም ራሳቸው እየዞረ ተከተሉ።

ለወይዘሮ ደብሪቱ ኦክስጅን ተደረገላቸው። ብዙ ከቆዩ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ። ሐኪሙ ወጥቶ፣ "ይድናሉ። ትንሽ ቢዘገዩ ግን የምነግራችሁ ሌላ ነበር" አለ። ከሙሽራው ዘመዶች አንዱ አቶ ታፈረን አልፎ ሲሄድ፣ "ድግስ ብለው ጠርተው ሊጨርሱን ነበር" አለ።  

ወይዘሮ ደብሪቱ ድነው ቤታቸው ገቡ። ነገር ግን በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ዝምታ ወረደ። ማስተዋል ወደ አማቷ ቤት ስትሄድ አንገቷን ደፍታ ነው፤ ባሏም ወደ አማቱ ቤት መምጣት አቆመ። አቶ ታፈረ ልጃቸው በሁለት ቤት መካከል ስትሳቀቅ አዩ። በዚያ ሳምንት ሱቃቸውን ዘግተው ሐመልማል ወዳለችበት ከተማ ሄዱ።

"ልጄ፣ ነግረሽኝ ነበር" አሉ ቢሮዋ በር ላይ እንደቆሙ። የሆነውን ሁሉ ሳይቀንሱ ነገሯት።

ሐመልማል አልፈረደችባቸውም። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

"ስለ ድምፁ ነገርኩዎት፤ ስለ ሞት ግን አልነገርኩዎትም" አለች። "ማሽኑ ሲያስቸግር ሰው እንደሚያጠፋው፣ ሲበርደው ደግሞ ከሰል እንደሚያስገባ ማሰብ ነበረብኝ። በታሸገ ክፍል ከሰል እንደሚገድል በግልጽ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ተቀይሜ ወጣሁ። ቢያባርሩኝ እንኳ ደጅ ቆሜ መናገር ነበረብኝ።"

"ብትናገሪም አልሰማሽም ነበር።"

"ላይሰሙ ይችሉ ነበር። መናገሩ ግን የኔ ድርሻ ነበር።"

አቶ ታፈረ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ፣ "እነማን ናቸው የሚቀመጡት ብለሽኝ ነበር" አሉና ጀመሩ። ባለቤታቸው እግራቸውን እንደሚበርዳቸው ነገሯት። ማስተዋል ሙቀት እንደማትወድ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ከዚያ ቀን ወዲህ የተዘጋ በር እንደሚያስጨንቃቸው፣ በዓል ሲሆን ዘመድ ተጨምሮ ወንበሩ እንደሚሞላ፣ በሌላው ቀን ግን ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ እንደሚሆን ሁሉ ዘረዘሩ። ስለ ክፍሉ ስፋት አንድም ቃል አልተናገሩም።

"አሁን መለካት እችላለሁ" አለች ሐመልማል።

መጥታ ሠራች። ግድግዳው ተበሳ። ሰፋፊዎቹ ቱቦዎች ተጠማዝዘው ኮርኒሱ ውስጥ ገቡ። ማሽኑ ብዙ ሰው ሲገባ ብዙ፣ ጥቂት ሲሆን ጥቂት አየር የሚያመጣ ነበር። ከወለሉ አጠገብ ለእግር የሚሆን ለስላሳ ሙቀት ተዘረጋ። ከሰል እንዳይገባ ግን አቶ ታፈረ ራሳቸው ለቤተሰቡ ሁሉ አስጠነቀቁ።

ትልቁ ማሽን ለእድሩ አዳራሽ ተሰጠ። እዚያ ጣሪያው ረጅም፣ በሮቹ ብዙ፣ ሰውም ብዙ ነው። ማሽኑ አዳራሹን በወጉ አሞቀው፤ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ መረቃቸው። ጥፋቱ ከማሽኑ አልነበረም ለካ። ያለ ቦታው ተተክሎ ነበር እንጂ።

ከዚህ በኋላ አቶ ታፈረ ሽማግሌ ይዘው ወይዘሮ ደብሪቱ ደጅ ሄዱ፤ እግራቸው ላይም ወደቁ።

"ይነሡ፤ ይቅር ብያለሁ" አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። "ወደዚያ ክፍል ግን እግሬ አይገባም።"

"አይግቡ። ሳሎኑም ግቢውም የእርስዎ ነው። ለኔ ከልጄ ጋር አብረው መብላትዎ ነው የሚበልጥብኝ።"

ከጥምቀት በኋላ ወይዘሮ ደብሪቱ መጡ። ተበላ፣ ተጫወቱ። ስለ ክፍሉ ያነሣ የለም። ሰው ሁሉ ሳሎን እንደተቀመጠ ግን ወይዘሮ ደብሪቱ በድንገት ተነሡና፣ "ኑ አሳዩኝ፤ እየፈራሁት መኖር አልፈልግም" አሉ።

ሲወርዱ ሁሉም ተከተላቸው። ደፍ ላይ ቆመው አካባቢውን ቃኙ።

"ማሽኑስ?"

"አይታይም" አሉ አቶ ታፈረ።

"ታዲያ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?"

አቶ ታፈረ አየር የሚገባበትንና የሚወጣበትን ወንፊት አሳዩዋቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ ራሳቸው ከነጠላቸው ጫፍ አንዲት ክር መዘዙና አየር ወደሚገባበት ወንፊት አስጠጓት። ክሯ በቀስታ ወደ እሳቸው ተንሳፈፈች። ተሻግረው አየር ወደሚወጣበት ወሰዷት፤ ክሯ ወደ ግድግዳው ተሳበች። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ክሯን ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ፣ "ይተነፍሳል" አሉና በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጡ።

ፊልሙ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ክፍሉ ሞቃት ነበር፤ ማንም ግን ስለ ሙቀቱ አላሰበም። ምርቃቱ ሲደርስ ሁሉም ጸጥ አለ። የወይዘሮ ደብሪቱ ድምፅ ከሸራው ጥርት ብሎ ወጣ። "ባልወልድሽም እናትሽ ነኝ፤ ልጄ ቢያስከፋሽ መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ" ነበር ያሉት ለማስተዋል። በሠርጉ ጫጫታ ማንም አልሰማውም ነበር፤ ማስተዋል ራሷ እንኳ። ልጅቱ ከወንበሯ ተነሥታ ሄዳ አማቷን አቀፈቻቸው። አቶ ታፈረም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንባቸውን አልደበቁም።

ወዳጄ፣ ይህን ታሪክ አንብበህ ለሌላ ሰው አካፍለው። በቋንቋችን "ልክ" ስንል መጠንም ማለታችን ነው፣ ትክክልም ማለታችን ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል የጠሩት ያለ ነገር አይደለም። ለሰው የምንሰጠው ነገር ከመጠኑ ሲያልፍ ትክክልነቱም አብሮ ይሄዳል። ፍቅር ጩኸት ሲሆን የተወደደው ሰው ድምፅ አይሰማም። ጥበቃችን ቀዳዳ ሁሉ ሲደፍን የምንጠብቃቸው ሰዎች ይታፈናሉ። ስለዚህ ከመስጠትህ በፊት "ምን ያህል ይተልቅ?" አትበል። "ለማን ነው? ምንስ ያስፈልገዋል?" በል። እውነት የምታውቅ ከሆነ ደግሞ የሚሰማህ ባይኖር እንኳ ሳትናገር አትሂድ።

አሁን አንተን ልጠይቅህ፦ አብረውህ የሚኖሩት ሰዎች ያንተን ትልቅነት ነው የሚያዩት፣ ወይስ በነጻነት ይተነፍሳሉ?